ፎርማት ከመደረጉ በፊት፦ ኦፊስና ዊንዶውስ በዳታቤዝ ድራይቨር ሳይጣጣሙ ሲቀሩ

አዲስ ኮምፒውተር ቢሮ ገባ። ዊንዶውስ 11 እና አዲስ ኦፊስ ተጭኖበታል፤ ፍጥነቱም ደስ ይላል። ሠራተኛዋ ለዓመታት ስትሠራበት የኖረችውን የኤክሰል ሪፖርት ከፍታ ከአክሰስ ፋይሉ መረጃ እንዲያመጣላት ስታዝዘው ግን የእንግሊዝኛ መልእክት ፊቷ ላይ ይደቀናል። ትናንት በአሮጌው ኮምፒውተር ያለ ችግር ይከፈት የነበረ ፋይል ነው። ይህ ነገር ደባርቅ ባለ የዞን መምሪያ፣ ጎንደር ፒያሳ ባለ የሒሳብ ቢሮ፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ በተቀመጠ የተመራቂ ተማሪ ላፕቶፕ ላይም ይደርሳል። የሚሰጠው መልስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ»።

ለዚህ ሕመም ፎርማት መድኃኒት አይደለም። ያው ዊንዶውስና ያው ኦፊስ ከያው ፍላሽ መልሰው ሲጫኑ ያው አለመጣጣም ተመልሶ ይመጣል። በመካከሉ ግን ዴስክቶፕ ላይ የነበረ፣ ማንም ያልገለበጠው የዓመታት መዝገብ ጠፍቶ ይቀራል። ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው፤ ይህን ጽሑፍም ያስጻፈኝ ይኸው ነው።

ችግሩ የሚፈጠረው በሦስት ነገሮች መካከል ነው። አንደኛው መረጃውን የሚጠይቀው ፕሮግራም ነው፤ ኤክሰል፣ የስታቲስቲክስ ትንተና ፕሮግራሙ ኤስፒኤስኤስ ወይም ለመሥሪያ ቤቱ ተብሎ የተሠራ ሶፍትዌር ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው መረጃውን ከፋይሉ አውጥቶ ለፕሮግራሙ የሚያቀብለው ድራይቨር ነው። ሦስተኛው ሁለቱንም ተሸክሞ የሚያሠራው ዊንዶውስ ነው። ከሦስቱ አንዱ በቢት (በ32 ወይም በ64) ወይም በዕድሜ ከሌሎቹ ከተለየ ፋይሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ አይከፈትም።

ጎንደር ላይ ይህ ጉዳይ ከብዙ ቦታ የበለጠ ክብደት አለው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. በጤና ማሠልጠኛነት የተመሠረተ ነው፤ ዳባት ላይ የሚያካሂደው የሕዝብና የጤና ክትትልም ከ1989 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የመጣ ነው። ያኔ የዘመኑ ዊንዶውስ 95 ነበር። በዩኒቨርሲቲው የጤና ጥናቶች ውስጥ ደጋግመን የምናነበው ዘዴም መረጃውን ኤፒ ኢንፎ 7 በሚባለው የመመዝገቢያ ፕሮግራም መዝግቦ ለትንተና ወደ ኤስፒኤስኤስ ማሻገር ነው። ኤፒ ኢንፎ 7 ሌላ ካልታዘዘ በቀር መረጃውን የሚያስቀምጠው ነጥብ ኤምዲቢ በሚባለው የአክሰስ ፋይል ነው። ስለዚህ ከወገራና ከጃናሞራ ቤት ለቤት ተዞሮ የተሰበሰበ መጠይቅ ብዙ ጊዜ በአክሰስ ድራይቨር በኩል ያልፋል።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ቅደም ተከተሉን አይዝለሉ፤ በተለይ የመጀመሪያውን።

አንደኛ፦ መጀመሪያ ይገልብጡ

ምንም ነገር ከመንካትዎ በፊት የዳታቤዙን ፋይል ኮፒ ያድርጉ። ከዚያ በፊት ግን ፋይሉን የሚጠቀሙ ሰዎች ሁሉ እንዲዘጉ ያድርጉ፤ ኔትወርክ ላይ ያለ ፋይል ከሆነ በሌላ ክፍል ያሉትንም ይጠይቁ። አክሰስ ሲከፈት ከፋይሉ ጎን ተመሳሳይ ስም ያለው ትንሽ ፋይል ይፈጠራል። መጨረሻው ለኤምዲቢ ነጥብ ኤልዲቢ፣ ለአዲሱ ዓይነት፣ ለኤሲሲዲቢ፣ ነጥብ ኤልኤሲሲዲቢ ነው። ይህ ፋይል እስካለ ድረስ አንድ ሰው ዳታቤዙን ከፍቶ እየሠራ ነው፤ ወይም መብራት ድንገት ጠፍቶ በአግባቡ ሳይዘጋ ቀርቷል ማለት ነው። ሁሉም መዝጋቱን ካረጋገጡ በኋላም ያ ትንሽ ፋይል ካልጠፋ ሊያጠፉት ይችላሉ።

ኮፒውን ፍላሽ ላይ ብቻ አይተዉት። ቢሮ ለቢሮ ሲዞር የሚውል ፍላሽ ቫይረስ ይዞ መምጣቱን ሁላችንም እናውቃለን። አንዱን ቅጂ በሌላ ኮምፒውተር፣ ሌላውን በውጭ ሃርድ ዲስክ ያስቀምጡ። በፋይሉ ስም ላይ ቀኑን ይጻፉ። ከዚህ በኋላ የሚሞክሩትን ሁሉ በቅጂው ላይ ይሞክሩ፤ ዋናውን አይንኩት።

ሁለተኛ፦ መልእክቱን ሳይዘጉ ያንብቡ

ብዙ ሰው የስሕተት መልእክት ሲወጣ ቶሎ ብሎ «ኦኬ» ይጫናል። አይጫኑ። በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ቋንቋው የሚያስፈራ ቢመስልም ዘወትር የሚመጡት ጥቂት ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም የተለየ ነገር ይናገራሉ።

«ፕሮቫይደር ኢዝ ኖት ሬጂስተርድ» የሚል ካለበት ፕሮግራሙ የፈለገው ድራይቨር በዚህ ኮምፒውተር የለም ማለት ነው፤ ወይም አለ፣ ነገር ግን ቢቱ ሌላ ስለሆነ ለፕሮግራሙ አይታየውም። «አርኪቴክቸር ሚስማች» ካለ ነገሩ ግልጽ ነው፤ አንዱ 32 ቢት፣ ሌላው 64 ቢት ነውና በቀጥታ ወደ ሦስተኛው እርምጃ ይሂዱ። «ዳታ ሶርስ ኔም ኖት ፋውንድ» ደግሞ የግንኙነቱ ስም በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ አልተመዘገበም፣ ወይም በተሳሳተው መስኮት ተመዝግቧል ይልዎታል። «አንሬኮግናይዝድ ዳታቤዝ ፎርማት» ሲመጣ ፋይሉ ለድራይቨሩ በጣም አዲስ ወይም በጣም አሮጌ ሊሆን ይችላል፤ በእርግጥም ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ይህን የመጨረሻውን ያየ ባለሙያ «ፋይሉ ሞቷል» ብሎ ሲፈርድ እንዳይቀበሉት፤ አምስተኛውን እርምጃ ሳያዩ ፍርድ የለም።

የኤክሰል ማክሮ የሚጠቀሙ ከሆነ «ኮዱ ለ64 ቢት ይታደስ» የሚል መልእክትም ሊመጣ ይችላል። ይህ ከድራይቨሩ ጋር ባይገናኝም ምንጩ ያው የቢት ለውጥ ነው።

ሦስተኛ፦ ቢቱን ይለዩ

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ፤ ብዙው ችግር መልስ የሚያገኘው በዚህ እርምጃ ነው።

ሕጉ አጭር ነው። ፕሮግራሙና ድራይቨሩ አንድ ዓይነት ቢት መሆን አለባቸው። 64 ቢት ዊንዶውስ 32 ቢት ፕሮግራሞችንም ያሠራል፤ 32 ቢት ፕሮግራም ግን 64 ቢት ድራይቨር መጫን አይችልም፣ 64 ቢት ፕሮግራምም 32 ቢት ድራይቨር አይቀበልም። ዊንዶውስ በመካከላቸው አያስታርቅም።

ይህ ለምን አሁን በዛ? እስከ ኦፊስ 2007 ድረስ ኦፊስ 32 ቢት ብቻ ነበር። 64 ቢቱ የመጣው ከኦፊስ 2010 ጋር ነው፤ ከኦፊስ 2019 ወዲህ ደግሞ ሌላ ካልመረጡ የሚጫነው 64 ቢቱ ነው። አሮጌዎቹ ኤምዲቢ ፋይሎች ሲከፈቱበት የኖሩት ጄት የሚባለው ሞተር ግን 64 ቢት ሆኖ ተሠርቶ አያውቅም። ተተኪው ኤስ ይባላል፤ ከአክሰስ 2007 ጋር መጣ፣ በ64 ቢት የተገኘውም ከ2010ሩ ኦፊስ ጀምሮ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በ32 ቢት አልተዘጋጀም። መሥሪያ ቤቶች አሮጌ ኮምፒውተሮቻቸውን በቀየሩ ቁጥር ይህ ግጭት እየበዛ ይሄዳል።

አሁን ወረቀት ይያዙና አራት ነገር ይጻፉ።

የዊንዶውሱን ቢት ለማወቅ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት ይክፈቱ፤ «ሲስተም ታይፕ» ከሚለው ጎን ተጽፏል። ለኦፊሱ ኤክሰልን ከፍተው ፋይል፣ አካውንት፣ አባውት ኤክሰል ሲሉ ከላይ ባለው መስመር ላይ 32 ወይም 64 ይላል። ለሌላ ፕሮግራም፣ ለምሳሌ ለኤስፒኤስኤስ ወይም ለመሥሪያ ቤቱ ሶፍትዌር፣ ፕሮግራሙን ከፍተው ታስክ ማኔጀር ውስጥ ዲቴይልስ የሚለውን ይምረጡ፤ ከዓምዶቹ ራስ ላይ በቀኝ ተጭነው «ፕላትፎርም» የሚለውን ዓምድ ያውጡ። ዊንዶውስ 7 ላይ ከሆኑ ከፕሮግራሙ ስም ኋላ ኮከብና 32 ካለ 32 ቢት ነው። በቪዥዋል ቤዚክ 6 የተሠሩ የመጋዘን፣ የፋርማሲና የተማሪ መዝገብ ፕሮግራሞች ሁሉ ያለ ጥርጥር 32 ቢት ናቸው።

አራተኛው ድራይቨሩ ነው፤ ብዙ ባለሙያ የሚሳሳተውም እዚህ ነው። 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ የኦዲቢሲ (ፕሮግራምና ድራይቨር የሚገናኙበት ሥርዓት) ማስተካከያ መስኮት ሁለት ነው። ሲ ድራይቭ ላይ ዊንዶውስ የሚለውን ፎልደር ሲከፍቱ ሲስተም32 እና ሲስዋው64 የሚባሉ ሁለት ፎልደሮች ያገኛሉ። በሁለቱም ውስጥ ኦዲቢሲኤዲ32 የሚባል ፋይል አለ። ከስሙ ተቃራኒ ሆኖ 64 ቢቱ ያለው ሲስተም32 ውስጥ ነው፤ 32 ቢቱ ሲስዋው64 ውስጥ ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ በኮንትሮል ፓነል በኩል ከገቡ የሚከፈትልዎ 64 ቢቱ ብቻ ስለሆነ የ32 ቢት ፕሮግራምዎ ግንኙነት እዚያ ቢመዘገብም አያየውም። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ መፈለጊያው ሳጥን ውስጥ ኦዲቢሲ ብለው በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ሁለቱም ከነቢታቸው ተጽፈው ይመጣሉ፤ ከፕሮግራሙ ቢት ጋር የሚስማማውን ይክፈቱ። «ድራይቨርስ» የሚለው ክፍል ውስጥ የአክሰሱ ድራይቨር ካለ ኮከብ ነጥብ ኤምዲቢ እና ኮከብ ነጥብ ኤሲሲዲቢ የሚል ያያሉ። ነጥብ ኤምዲቢ ብቻ ከሆነ የሚያዩት አሮጌውን የጄት ድራይቨር ነው፤ እሱ ደግሞ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣ 32 ቢት ነው።

የኤፒ ኢንፎው ጉዳይ በዚህ ይብራራል። ኤፒ ኢንፎ 7 32 ቢት ስለሆነ ኤምዲቢውን ያለ ችግር ይከፍታል። 64 ቢት ኤስፒኤስኤስ ያንኑ ፋይል በዳታቤዝ ጠያቂው በኩል ሲፈልግ ግን 64 ቢት ድራይቨር ያስፈልገዋል፤ ከሌለ የአክሰስ ስም ዝርዝሩ ላይ እንኳ አይታይም። ተማሪው መረጃው የጠፋበት ይመስለውና ይደነግጣል። መረጃው ያለበት አለ። ድራይቨር ፍለጋ ሳይደክሙ ከኤፒ ኢንፎው ራሱ ወደ ኤክሰል ወይም ወደ ሲኤስቪ አውጥቶ በኤስፒኤስኤስ መክፈት ይቻላል። የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ለቀረበው ሰው የምመክረው ይህን አቋራጭ ነው።

አራተኛ፦ የሚጣጣመውን ይጫኑ

በወረቀቱ ላይ የፕሮግራሙና የድራይቨሩ ቢት ከተለያዩ ምርጫዎ ሁለት ነው፤ ድራይቨሩን መለወጥ ወይም ኦፊሱን መለወጥ።

ድራይቨሩን ለመለወጥ ማይክሮሶፍት በነጻ የሚሰጠው አክሰስ ዳታቤዝ ኢንጅን፣ ማለትም የኤስ ሞተር መጫኛ፣ አለ፤ 2016 የሚባለው ዓይነቱ በሁለቱም ቢት ተዘጋጅቷል። ከማይክሮሶፍት ገጽ ብቻ ያውርዱት። በቴሌግራም ቻናል ወይም ከማይታወቅ ድረ ገጽ የሚገኝ «ድራይቨር» ከነክራኩ ቫይረስ ተሸክሞ የመምጣቱ ዕድል ሰፊ ነው። 32 ቢት ኦፊስ ባለበት ኮምፒውተር 64 ቢቱን ኢንጅን ሲጭኑ «32 ቢት ኦፊስ ስላለ አይቻልም» ብሎ ይመልስዎታል። በትእዛዝ መስኮት በኩል ኳየት በሚለው ትእዛዝ አስገድዶ መጫን ይቻላል፤ ብዙዎችም ያደርጉታል። እኔ አልወደውም። ኦፊስ ሲከፈት ራሱን ለመጠገን ደጋግሞ እንዲጀምር ያደርገዋልና። ለአንድ ጥናት ብቻ በሚውል ላፕቶፕ ላይ ካልሆነ በቀር ይተዉት።

በመሥሪያ ቤት ግን ትክክለኛው መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ኦፊሱን መለወጥ ነው። አሮጌ ፕሮግራሞች፣ አሮጌ ኤምዲቢዎችና ማክሮዎች ያሉበት ቢሮ 64 ቢት ኦፊስ የሚፈልግበት ምክንያት የለውም። 64 ቢቱን አጥፍተው፣ ኮምፒውተሩን አስነሥተው 32 ቢቱን ይጫኑ። የኦፊስ 2016 ወይም 2019 መጫኛ ፎልደር ውስጥ ሴትአፕ32 እና ሴትአፕ64 የሚሉ ሁለት ፋይሎች ካሉ 32ቱን ይምረጡ። ሰነዶችዎ አይነኩም። ዊንዶውሱም ፎርማት አይደረግም።

አክሰስ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ፋይሉን ለማየትና ለመመዝገብ ብቻ ከሆነ የሚፈልጉት አክሰስ ራንታይም የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይበቃል። ቢቱ አሁንም ካለው ኦፊስ ጋር አንድ መሆን አለበት።

ከኤክሰልና ከአክሰስ ውጭ የራሱ ሶፍትዌር ያለው መሥሪያ ቤት፣ ሠሪው አሁንም በስልክ የሚገኝ ከሆነ፣ አንድ ጥያቄ ይጠይቀው፦ የግንኙነት መስመሩ ላይ የተጻፈው ጄት 4.0 ነው ወይስ ኤስ 12.0? ጄት ከሆነ ፕሮግራሙ በ32 ቢትነቱ እስከቆየ ድረስ ይሠራል፤ በ64 ቢት ተሠርቶ ከወጣ ግን ያች አንዲት መስመር መለወጥ አለባት።

አምስተኛ፦ የፋይሉን ዕድሜ ይወቁ

ቢቱ ተጣጥሞም ፋይሉ ካልተከፈተ ዕድሜውን ይጠርጥሩ። ነጥብ ኤምዲቢ የሚለው መጨረሻ አንድ ቢሆንም በውስጡ የአክሰስ 97 እና የአክሰስ 2000 ፋይሎች የተለያዩ ናቸው። አክሰስ 2013 እና ከዚያ ወዲህ የመጡት የአክሰስ 97ን ፋይል ጨርሶ አይከፍቱም፤ አክሰስ 2010 ግን ከፍቶ ወደ አዲሱ ይለውጠዋል። በሌላ በኩል በጄት ብቻ የሚሠራ አሮጌ ፕሮግራም አዲሱን ኤሲሲዲቢ ፋይል ሲያገኝ «አላውቀውም» ይላል።

ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲ፣ ለሆስፒታልና ለዞን መምሪያ የአይሲቲ ክፍሎች ይህን እለምናለሁ፦ ዊንዶውስ 7 በ32 ቢት እና ኦፊስ 2010 የተጫነበት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ከኔትወርክና ከኢንተርኔት አላቅቃችሁ አስቀምጡ። በንብረት ማስወገጃ ዝርዝር ውስጥ አታስገቡት። ከአሥርና ከሃያ ዓመት በፊት የተሰበሰበ መረጃ ፈልጎ የሚመጣ ተመራማሪ የሚያልፍበት በር እሱ ነው። በዶስ ዘመን ፎክስፕሮ የተሠሩ ፕሮግራሞችም 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ጨርሶ አይነሡም፤ በ32 ቢቱ ላይ ግን ገና ሊከፈቱ ይችላሉ።

ፋይሉ በትክክለኛው አክሰስም ካልተከፈተ ተጎድቷል ማለት ነው። በቅጂው ላይ «ኮምፓክት ኤንድ ሪፔር» የሚለውን ያሠሩት። ሌላ ባዶ ዳታቤዝ ከፍቶ ሠንጠረዦቹን አንድ በአንድ ወደዚያ ማስገባትም ብዙ ጊዜ ያድናል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ የአክሰስ ፋይል የሚጎዳበት ዋናው ምክንያት በመጻፍ ላይ እያለ ኮምፒውተሩ መጥፋቱ ነው። ዩፒኤስ ለአንድ ኮምፒውተር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ዳታቤዙ ለተቀመጠበት ኮምፒውተር ይስጡት፤ ለኃላፊው አይደለም።

ስድስተኛ፦ ትናንት ምን ተለወጠ?

ማንም ምንም ሳይነካ በአንድ ሌሊት የሚበላሽም አለ። ማይክሮሶፍት መስከረም 30 ቀን 2010 ዓ.ም. ያወጣው የዊንዶውስ ማሻሻያ በጄት በኩል የኤክሰል ፋይል የሚያነቡ ፕሮግራሞችን በመላው ዓለም አስቁሞ ነበር። የሚወጣው መልእክት «አንኤክስፔክትድ ኤረር ፍሮም ኤክስተርናል ዳታቤዝ ድራይቨር» ይል ነበር፤ ማስተካከያው የመጣው በተከታዩ ወር ነው። ታኅሣሥ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. የወጣው ደግሞ የዓምድ ስማቸው ከ32 ፊደል የሚበልጥ የአክሰስ 97 ፋይሎችን አላወቀም። በሁለቱም ጊዜ ፋይሎቹ ጤነኞች ነበሩ። ፎርማት ያስደረገ ሰው በከንቱ ደከመ።

በእኛ አካባቢ ይህ ሌላ መልክ አለው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ለወራት ኢንተርኔት ያላየ ኮምፒውተር መስመር ሲያገኝ የተጠራቀመውን ማሻሻያ በአንድ ጊዜ ያወርዳል። ስለዚህ አምባ ጊዮርጊስ ያለው ኮምፒውተር ከጎንደሩ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ጠባዩ ሊለይ ይችላል። ሴቲንግስ ውስጥ አፕዴት ሂስትሪ የሚለውን ይመልከቱ። ችግሩ በጀመረበት ቀን የገባ ማሻሻያ ካለ ቁጥሩን ይጻፉ፤ እሱን ብቻ ለጊዜው አንሥቶ መሞከር ይቻላል። ኢንተርኔት ባለበት ቀን ደግሞ የሁለቱን ቢት ኢንጅኖች መጫኛ አውርደው በሃርድ ዲስክ ያስቀምጡ፤ የሚያስፈልግዎት ቀን መስመሩ ላይኖር ይችላል።

ተከፍቶ አማርኛው ሲበላሽ

አንዳንዴ ግንኙነቱ ይሠራና ስሞቹ ተበላሽተው ይመጣሉ። ሦስት ዓይነት ነው፤ ሦስቱን መለየት መረጃ ያድናል።

ባዶ ሣጥኖች ከታዩ የጎደለው ፎንት ነው። መረጃው ደኅና ነው። ኒያላ ወይም ሌላ የዩኒኮድ ግእዝ ፎንት ይጫኑ።

የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ትርጉም የሌለው ጽሑፍ ከታየ ጽሑፉ ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በነበሩት በእነ ቪዥዋል ግእዝ ዓይነት ፎንቶች የተተየበ ነው። ይህም አልጠፋም። የተተየበበት ፎንት ሲጫን ይነበባል፤ ለዘለቄታው ግን በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ መዛወር አለበት። ግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 መሆኑን ካስታወሱ ከዚያ በፊት የተመዘገበው ሁሉ ከዚህ ወገን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ከመጣ ግን ይጠንቀቁ። ድራይቨሩ ፊደሉን ማስተላለፍ አልቻለም ማለት ነው። ምንጩ ላይ መረጃው ገና ደኅና ሊሆን ይችላል፤ ይህንን የጥያቄ ምልክት መልሰው ሴቭ ካደረጉት ግን ስሙ ለዘለዓለም ይጠፋል። ይዝጉት፣ ሴቭ አያድርጉ። ማይኤስኪውኤል ከሆነ ከሁለቱ ድራይቨሮች ዩኒኮድ የሚለውን እንጂ አንሲ የሚለውን አይምረጡ። ኤስኪውኤል ሰርቨር ከሆነ የስም ዓምዱ ኤንቫርቻር መሆኑን ያረጋግጡ። ከኤክሰል ወደ ሲኤስቪ ሲያወጡም «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ 8» የሚለውን ይምረጡ።

ቀኖቹ ባዶ ሲሆኑ

ይህ የእኛው ብቻ ችግር ስለሆነ የውጭ መመሪያ ውስጥ አያገኙትም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ለኤክሰል የፈረንጅ ቀን ነው። 29/02/2015 ብለው ጥቅምት 29ን ሲጽፉ እ.ኤ.አ. በ2015 ፌብሩዋሪ 28 ቀን ብቻ ስለነበረው ቀን አድርጎ አይቀበለውም፤ እንደ ጽሑፍ ይተወዋል። ጳጉሜን 5ን 05/13/2015 ብለው ቢጽፉ ደግሞ ወርን የሚያስቀድም ኮምፒውተር ሜይ 13 አድርጎ በዝምታ ይቀበለዋል። ያ ከእምቢታው የከፋ ነው።

ድራይቨሩ ሲመጣ ደግሞ የአንድን የኤክሰል ዓምድ ዓይነት የሚገምተው የመጀመሪያዎቹን 8 መስመሮች አይቶ ነው። በእነዚያ ውስጥ ቀን ከበዛ ዓምዱን ቀን ነው ይልና ከዚያ በታች እንደ ጽሑፍ የተቀመጡትን ባዶ አድርጎ ያስተላልፋል። ጥቅምት 29 እና 30፣ እንዲሁም የጳጉሜን ቀናት የተወለዱ ሕፃናት ከሪፖርቱ ላይ ቀናቸው ጠፍቶ የሚገኘው በዚህ ነው። ምንም የስሕተት መልእክት አይወጣም።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ የቁጥር ዓምዶች ይመዝግቡ። አስቀድሞ በአንድ ዓምድ ከተመዘገበ ዓምዱን ወደ ጽሑፍ መለወጥ ብቻውን አይበቃም፤ ኤክሰል ቀን ያደረገውን ወደ ቁጥር ይገለብጠዋልና። ከወረቀቱ መዝገብ ጋር ማመሳከር ግድ ነው።

የሚቀሩ ሁለት ነገሮች

አዲሱ ኮምፒውተር ዳታቤዙ የተቀመጠበትን አሮጌ የኤክስፒ ኮምፒውተር በኔትወርክ ካላየው ጥፋቱ የድራይቨር አይደለም። ከ2010 ዓ.ም. መባቻ ወዲህ የወጡት የዊንዶውስ 10 ዕትሞች አሮጌውን የፋይል መጋሪያ ዘዴ፣ ኤስኤምቢ 1ን፣ አብረው አይጭኑም። መልሶ ማብራት ይቻላል፤ ግን አያብሩት። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ2009 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው በዚያ ቀዳዳ ነው። ፋይሉን ወደ አዲስ ኮምፒውተር ያዛውሩት።

ፒችትሪ ለሚጠቀሙ የሒሳብ ሠራተኞች፦ ፒችትሪ የሚሠራው በአክሰስ ሞተር ሳይሆን ፐርቫሲቭ በሚባል ሌላ ሞተር ነው። ከዊንዶውስ ለውጥ በኋላ ኩባንያውን አልከፍትም ካለ ሰርቪስስ የሚለውን ዝርዝር ከፍተው የፐርቫሲቭ ሞተር መነሣቱን ይዩ፤ ቆሞ ከሆነ ስታርት ይበሉት። ከማንኛውም የዊንዶውስ ለውጥ በፊት ከፒችትሪው ራሱ ባክአፕ ያውጡ፤ መጨረሻው ነጥብ ፒቲቢ የሆነ አንድ ፋይል ይሰጥዎታል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ ወደ ጥገና ይውሰዱት። ሲሄዱ የመልእክቱን ፎቶ፣ አራቱን ቢቶች የጻፉበትን ወረቀት፣ ችግሩ የጀመረበትን ቀንና የፋይሉን ቅጂ ይዘው ይሂዱ። ባለሙያው ይህን ሳያይ «ፎርማት ልሥራው» ካለዎት፣ ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር ላይ በዓይንዎ ፊት ተከፍቶ ሳያዩ እሺ አይበሉ።